የሚተነፍስ ጎማ እና የሻጭ ዝምታ



ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ ነው። መኪናችሁን ልትሸጡ ነው። ሞተሩ ደኅና ነው፣ ፍሬኑ ደኅና ነው፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የኋላ ቀኙ ጎማ ቀስ እያለ ይተነፍሳል። በየአራት በየአምስት ቀኑ ነዳጅ ማደያ ጎራ ብላችሁ አየር ትሞሉታላችሁ፣ ከዚያ ትረሱታላችሁ። ቅዳሜ ገዢ ይመጣል። ለዚህ ሰው ስለ ጎማው የመንገር ግዴታ አለባችሁ ወይስ የለባችሁም?

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ይሄ ደግሞ ስብከት ይወጣዋል?» ትሉ ይሆናል። ይወጣዋል። ስለ ስርቆትና ስለ ሐሰት ምስክርነት ሲነገር ብዙዎቻችን ራሳችንን ዝርዝሩ ውስጥ አናገኝም። ስለ ጎማ ሲነገር ግን አንገታችንን ደፍተን ጫማችንን እናያለን።

ልብ በሉ፤ እዚህ ታሪክ ውስጥ እስካሁን ማንም አልዋሸም። ገዢው አልጠየቀም፣ ሻጩ አልተናገረም። የምንመረምረው ዝምታን ነው።

1. ጊዜ ብቻ የሚያሳየው ጉድለት

በመጀመሪያ ነገሩን በልኩ እንወቀው። ጎማ ሁሉ ትንሽ አየር ያጣል። ደኅና የምንለው ጎማ እንኳ በወር ከ1 እስከ 2 ፒ.ኤስ.አይ. ሊቀንስ ይችላል። ብርድ ሲገባ ደግሞ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር 1 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በብርድ ጠዋት የዳሽቦርዱ መብራት ቢበራና አራቱም ጎማዎች እኩል ወርደው ቢገኙ፣ የአየሩ ጠባይ ነው፤ ማንም ሕሊናውን አያስጨንቅ። አንዱ ጎማ ብቻ ሦስቱን ጥሎ ሁልጊዜ የሚወርድ ከሆነ ግን ነገር አለ። ሚስማር ይዞ ይሆናል፣ አየር የሚገባበት ቫልቭ አርጅቶ ይሆናል፣ ወይም ቸርኬው ዝጎ ጎማው በደንብ አልገጠመ ይሆናል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በሹፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው ወረቀት 33 ፒ.ኤስ.አይ. ይላል እንበል። ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የሚሠሩ አዳዲስ የቤት መኪኖች በሙሉ የጎማ አየር ማስጠንቀቂያ እንዲኖራቸው ሕግ ያዛል። መብራቱ የግድ መብራት ያለበት ግን አየሩ ከተጻፈው ቁጥር በ25 በመቶ ሲወርድ ነው፤ ከ33 ወደ 25 ገደማ ማለት ነው። በቀን 2 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያጣ ጎማ እዚያ ለመድረስ አራት ቀን ይፈጅበታል። ቅዳሜ ጠዋት የሞላችሁት ጎማ ድምፁን የሚያሰማው እሮብ ነው።

ሽያጩስ ምን ያህል ይፈጃል? አንድ ሰዓት፤ ቢበዛ ሁለት። ገዢው ሞተሩን አስነሥቶ ያዳምጣል፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ሰፈሩን አንድ ዙር ይነዳል። ጎማው በዚያ ሰዓት ሙሉ ነው። ባለሙያ ቢያመጣ እንኳ፣ ሚስማሩ ተደብቆ ከሆነ በዚያ ሰዓት ላያገኘው ይችላል። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና በገዢ ስም ሲመዘገብ የሴፍቲ ምርመራ ወረቀት ይጠይቃል። መርማሪው የጎማውን ጥርስ ይለካል፣ የተቆረጠና የተነፋ እንዳለ ያያል፤ እሮብ የሚሆነውን ግን አርብ ላይ ቆሞ ማየት አይችልም።

አያችሁ ወገኖቼ? ገዢው ከሻጩ የበለጠ መኪና የሚያውቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ሻጩ ያለው፣ ገዢው የሌለው ነገር ግን ጊዜ ነው። ከመኪናው ጋር ወራት ኖሯል። ይህ ጉድለት ከጊዜ በቀር ሌላ ምስክር የለውም፣ ያ ምስክር ደግሞ በሻጩ እጅ ነው። እርሱ ካልተናገረ ማንም አይናገርም።

2. «አልጠየቀኝም»

የመጀመሪያው መከላከያችን ይህ ነው። «ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»

በዚህ አገር ሕጉ ለግል ሻጭ ላላ ያለ ነው። በዓመት ከአምስት በላይ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጥ ነጋዴ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ደንብ ይመለከተዋል፤ ዋስትና መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚገልጽ ወረቀት መስኮቱ ላይ መለጠፍ አለበት። እናንተ የራሳችሁን አንድ መኪና ስትሸጡ ግን ያ ደንብ አይነካችሁም። አብዛኛውን ጊዜ ሽያጩ «አዝ ኢዝ» ነው፤ እንዳለ፣ ባለበት ሁኔታ። ገዢ ጠይቆ ሻጭ እያወቀ ከዋሸ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ አያድነውም። ዝም ያለውን ሻጭ ግን በአንድ ጎማ ምክንያት ፍርድ ቤት የሚያቆመው ብዙ ጊዜ አይኖርም።

ሕጉ ዝም ካለ ሕሊናም ዝም ማለት አለበት? ይህ ጥያቄ መኪና ከመፈጠሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተነሣ ነው። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ሰው ግዴታ ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ምሳሌ ያነሣል። ሮድስ በምትባል ደሴት ረሃብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ መርከቦችም እህል ጭነው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በዓይኑ አይቷል። ሕዝቡ ግን አያውቅም። ይንገራቸው? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ?

ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋን «ሻጭ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ይናገር፣ አያጭበርብር፤ የቀረውን የመናገር ግዴታ የለበትም» ባይ ነው። ዝም ማለት መደበቅ አይደለም ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ «ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲጠቃቀሙ የተፈጠሩ ናቸው፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል» ይላል። ሲሴሮ በመጨረሻ የሚፈርደው ነጋዴው መደበቅ አልነበረበትም ብሎ ነው። አንድን ነገር አለመናገር ሁሉ መደበቅ ላይሆን ይችላል፤ ሌላው ሰው ማወቅ የሚጠቅመውን ነገር ለራስህ ጥቅም ብለህ እንዳያውቅ ስትፈልግ ግን ደብቀሃል። እንግዲህ ከአፋችን በፊት የሚመረመረው ፍላጎታችን ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዝም ስል፣ ነገሩ ትዝ ሳይለኝ ቀርቶ ነው? ወይስ እንዳያውቅ ፈልጌ ነው?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። መኪናውን በኢንተርኔት ለማያውቀው ሰው የሚሸጥ አለ። ብዙ ጊዜ ግን መኪናው የሚሄደው በዘመድ፣ በሰፈር ልጅ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው በኩል ነው። ገዢው እዚህ አገር ከመጣ ስድስት ወር ያልሞላው ወጣት ነው እንበል። ሻጩን የሚጠራቸው «ጋሼ» ብሎ ነው። ጋሼ ከኤርፖርት የተቀበሉት፣ መጀመሪያ ሰሞን ቤታቸው ያሳደሩት ሰው ናቸው። ይህ ልጅ «መኪናውን መካኒክ ጋ ወስጄ ላሳየው» ሊል ይችላል? ከየት አምጥቶ! ይሉኝታ ይይዘዋል። «ጋሼን አላመንኳቸውም ማለት ይሆንብኛል» ብሎ ያፍራል። ዋጋ እንኳ በደንብ አይከራከርም። ባዕድ ሰው ቢሸጥለት ኖሮ አሥር ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። የጠፋው ጥያቄ ከአክብሮት የተነሣ ነው።

ስለዚህ «አልጠየቀኝም» የሚለው ቃል በእኛ መካከል ሲነገር ትርጉሙ «አመነኝ» ማለት ነው። እስቲ በዚህ ቃል ተኩትና ድጋሚ ስሙት። «ለምን አልነገርከውም?» «አመነኝ።»

3. ያወቀና ያላወቀ ባለቤት

ቅዱስ መጽሐፍ ስለ መኪና አይናገርም፤ ስለ በሬ ግን ይናገራል፣ በሬ ደግሞ ለዚያ ዘመን ሰው መኪናው ነበር። በዘጸአት ምዕራፍ 21 ከቁጥር 28 ጀምሮ ያለውን ሕግ አስታውሱ። በሬ ሰው ወግቶ ገደለ። ባለቤቱ ምን ይሆናል? ሕጉ ባለቤቱን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ ታውቅ ነበር? በሬው የሚወጋ መሆኑን የማያውቅ ባለቤት ነጻ ነው። አስቀድሞ ተነግሮት፣ ጠባዩን እያወቀ ያልጠበቀው ግን ለሞተው ሰው ደም ተጠያቂ ነው።

በሬው አንድ ነው፣ ቀንዱ አንድ ነው፣ የደረሰው ጉዳት አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው እውቀት ነው። ያወቅነው ነገር ሸክም ሆኖ ትከሻችን ላይ ይቀመጣል። መኪናውን ስንሸጥ ቁልፉን እናስረክባለን፣ ታይትሉን ፈርመን እናስረክባለን። ስለ ጎማው ያለንን እውቀት ግን ካላስረከብን እርሱ እኛው ጋ ይቀራል፤ መኪናው ሄዶ ሸክሙ ይቀራል።

ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 14 ደግሞ ማየት በማይችል ሰው መንገድ ላይ መሰናክል ማስቀመጥን ይከለክላል። የአይሁድ መምህራን ከጥንት ጀምሮ ይህን ሲያስተምሩ፣ ማየት የማይችል የተባለው ዓይኑ የጠፋ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ይናገራሉ። በአንድ ጉዳይ ላይ መረጃ የሌለው ሰው ሁሉ በዚያ ጉዳይ አያይም። ትእዛዙ የሚያበቃው አምላክህን ፍራ በሚል ቃል መሆኑንም ያስተውላሉ። ለምን? መሰናክሉን ማን እንዳስቀመጠው ሰው ላያውቅ ስለሚችል ነው። ጎማው እሮብ ሲተነፍስ ገዢው «መንገድ ላይ ሚስማር ወጋኝ» ብሎ ያስባል። ሻጩን የሚጠረጥር አንድም ሰው በምድር ላይ የለም። የሚያውቁት ሻጩና እግዚአብሔር ብቻ ናቸው።

አንድ ሰው ግን እንዲህ ሊል ይችላል፤ «እውቀት ሸክም ከሆነ ባላውቅ ይሻለኛል። ጎማው ይወርዳል፤ ለምን እንደሚወርድ አልመረመርኩም፤ ስለዚህ አላውቅም።» አባቶቻችን አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይላሉ። በየአራት ቀኑ አየር የሚሞላ እጅ ያውቃል። የቀዳዳውን ቦታ አለማወቅ ሌላ ነው፣ ቀዳዳ መኖሩን አለማወቅ ሌላ ነው።

4. መጠገን እና መሸፈን

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ ከሽያጭ በፊት በጎማው ላይ የምናደርገው ሁሉ ጥገና አይደለም።

አገር ቤት የከብት ገበያ የዋለ ሰው ያውቀዋል። በሬው ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ጨው ይልሳል፤ ይጠማዋል፤ ውኃ እስኪበቃው ይጠጣል። ገበያ ላይ ጎኑ ሞልቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ የሰባ ይመስላል። ገዢው ቤቱ ወስዶት ሲያድር ውኃው ይወጣል፣ በሬው ይከሳል። ቅዳሜ ጠዋት ጎማ ውስጥ የምንሞላው አየርስ ከዚህ ውኃ በምን ይለያል? የጥንቱ የአይሁድ ሕግ ስብስብ ሚሽና፣ እንስሳንም ሆነ ዕቃን ለገዢ ዓይን አዲስ እንዲመስል አስውቦ መሸጥን የከለከለው ይህ ጠባይ በሰው ልጅ ሁሉ ውስጥ ስላለ ነው።

ታዲያ አየር አንሙላ ማለት ነው? አይደለም። በጎደለ ጎማ መንዳት ለእናንተም ለገዢውም አደጋ ነው፤ ሙሉት። አየር የመሙላቱ ሥራ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ክፉ የሚያደርገው ከእርሱ ጋር የሚሄደው ዝምታ ነው። አየር ሞልቶ «ዛሬ ጠዋት ሞልቼዋለሁ፤ በአራት ቀን ይወርዳል» ያለ ሰው ደግ ሠርቷል። ሞልቶ ዝም ያለው በሬውን ጨው አልሷል።

በቆርቆሮ የሚሸጠው አረፋም እንደዚሁ ነው። ነፍቶ ለጊዜው ይደፍናል፤ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው በረከት ነው። የተሠራው ግን ጎሚስታ ቤት እስክትደርሱ እንዲያደርሳችሁ ነው። በእርሱ ደፍኖ መሸጥ ቀዳዳውን ወደ ገዢው ቀን መግፋት ነው።

እውነተኛ ጥገና የሚታወቅ ሥርዓት አለው። ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል፣ ውስጡ ይታያል፣ ቀዳዳው በውስጥ በኩል ይለጠፋል፣ የሚስማሩም መንገድ ይደፈናል። ይህ የሚሆነው ቀዳዳው መንገድ በሚነካው የጎማው ፊት ላይ ሲሆንና ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር ሲያንስ ነው። ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም፤ ጎማው ይቀየራል። ማስለጠፉ ብዙ ጊዜ ከ50 ዶላር በታች ነው። ወገኖቼ፣ በሺዎች በምንሸጠው መኪና ላይ ሕሊናችንን የምንለውጥበት ዋጋ ይህ ነው።

«በሥርዓቱ አስጠግኜዋለሁ፤ አሁንም መናገር አለብኝ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በደንብ የተጠገነ ጎማ የሚተነፍስ ጎማ መባሉ ቀርቷል፤ ግዴታውም በዚያው ልክ ቀሏል። ቢሆንም ንገሩት እላለሁ። አንደኛ፣ ጥገናው ይዞ እንደሆነ የሚታየው በሚቀጥሉት ሳምንታት ነው፣ የሚያየውም እርሱ ነው። ሁለተኛ፣ ተጠግኗል የሚለው ቃልና ደረሰኙ ገዢውን ደስ ያሰኘዋል እንጂ አያስኮርፈውም።

5. «እውነቱን ብናገር ዋጋዬ ይወድቃል»

ይህ ከሁሉም መከላከያ ሐቀኛው ነው፣ ስለዚህ በአክብሮት እንመልሰው። ሻጩ የሚፈራው የ50 ዶላሩን ጎማ አይደለም። ስለ ጎማው ከነገረው ገዢው «ሌላስ ምን ደብቋል?» ብሎ 500 ዶላር ያወርድብኛል ብሎ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 20 ቁጥር 14 ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ፣ ዞር ሲል ስለሚኩራራ ገዢ ይናገራል። ገዢም መልአክ አይደለም።

መልሱ ሁለት ነው። መጀመሪያ፣ እውነት መጠን አለው። እውነትን መናገር ጉድለቱን አግዝፎ መናገር አይደለም። ሚስማሩን፣ ቀኑን፣ ደረሰኙን ስታሳዩት ነገሩ በልኩ ይቀመጣል። የገዢን ግምት የሚያገዝፈው ብዙ ጊዜ የተድበሰበሰ ንግግር ነው። አስጠግናችሁ ከነገራችሁት የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም።

ሁለተኛው መልስ ትንሽ ይከብዳል። ሁሉንም በልኩ ነግራችሁትም ዋጋው ሊወርድ ይችላል። ያኔ የወረደው ገንዘብ መጀመሪያውኑ የእናንተ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ገዢው ባለማወቁ ምክንያት የሚከፍለው ትርፍ የመኪናው ዋጋ አይደለም፤ የአለማወቁ ዋጋ ነው። እውነት ያሳጣችሁ መስሎ የሚታያችሁ፣ በእጃችሁ ያልነበረ ነገር ነው።

የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ያሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ ስለ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካሰጡት ሥራዎች ዋነኛው ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ገዢ ጥሩውን መኪና ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚሰጠው መካከለኛ ዋጋ ነው። ያኔ ጥሩ መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ ገበያው ለመጥፎው ይቀራል። ይህን ወደ ማኅበረሰባችን አምጡት። «ከሐበሻ መኪና አትግዛ» የሚል ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያ ቃል ዝም ብሎ አልበቀለም። ዝም ያለ እያንዳንዱ ሻጭ ትንሽ ትንሽ ውኃ አጠጥቶታል። ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ ሐቀኛው ሻጭ ነው።

6. እስከ የት ድረስ?

እንግዲህ ሁሉን ነገር መዘርዘር አለብን ወይ? ጭረቱን፣ የፈሰሰውን ቡና፣ ያረጀውን ምንጣፍ?

በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ ጥያቄ በቀጥታ ጠይቆ ነበር፤ ሻጭ የዕቃውን ጉድለት የመናገር ግዴታ አለበት ወይ ብሎ። ከምሳሌዎቹ አንዱ አንድ ዓይኑ የጠፋ ፈረስ ነው። ጉድለቱ ግልጽ ከሆነና ሻጩ በዋጋው ላይ ተገቢውን ቅናሽ ካደረገ በአፉ ማወጅ አይጠበቅበትም፤ ገዢው ዓይን አለው፣ ያያል። ጉድለቱ የተሰወረ ሆኖ ገዢውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን ዝም ማለት አይፈቀድም ይላል።

ይህን ለእኛ ሦስት ጥያቄ አድርገን እንያዘው። አውቀዋለሁ ወይ? እርሱ በራሱ ሊያየው ይችላል ወይ? ባያውቀው ይጎዳል ወይ? ጭረቱን ሁለታችንም እናየዋለን፤ አለፈ። ቡናው ማንንም አይጎዳም፤ አለፈ። ሬዲዮው አንዳንዴ ይቋረጣል፤ መንገር ጨዋነት ነው። የሚተነፍሰው ጎማ ግን ሦስቱንም ያሟላል። እኔ አውቀዋለሁ፣ እርሱ አያየውም፣ ይጎዳዋል።

7. ጎማው ላይ የተቀመጠው ሰው

«ይጎዳዋል» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። አየር የጎደለው ጎማ ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይሞቃል። በሃይዌይ ፍጥነት፣ በበጋ ሙቀት፣ ሰውና ዕቃ ተጭኖበት ሲሄድ ሙቀቱ ጎማውን ሊበታትነው ይችላል።

ታሪኩንም እዩ። በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ፤ ብዙዎቹ በፎርድ ኤክስፕሎረር መኪኖች ላይ የነበሩ ናቸው። ከጎማዎቹ መላጥ ጋር በተያያዘ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኋላ እንደ ታወቀው፣ ፎርድ ከአንድ ዓመት በፊት በ1999 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ያሉ መኪኖችን ጎማ መቀየር ጀምሮ ነበር። ለአሜሪካው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን በጊዜው አልተነገረም፤ የዚያን ጊዜ ሕግም በሌላ አገር የተደረገውን ንገሩ ብሎ አያስገድድም ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት አዲስ ሕግ አወጣ። በሌላ አገር የተደረገን እርማት ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። ዛሬ ዳሽቦርዳችሁ ላይ የሚበራው የጎማ መብራትም የዚያው ሕግ ፍሬ ነው። አስቡት፤ ያ መብራት አንድ ሰው የሚያውቀውን ሳይናገር በመቅረቱ የተተከለ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አሁን ወደዚያ ወጣት እንመለስ። መኪናውን የገዛው ለሽርሽር አይደለም። ሌሊት ምግብ ሊያደርስበት፣ ወይም ሰው ሊያመላልስበት ነው። የከፈለው ገንዘብ ከብድር ነው። እሮብ ሌሊት መብራቱ ሲበራ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። የሮድ ሰርቪስ አባል አይደለም። ስኮርታው አየር ይኑረው አይኑረው አላየም። ጎማውን ካበላሸው ከ100 ዶላር በላይ ያወጣል፤ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ሌሎቹንም አብሮ እንዲቀይር ሊነገረው ይችላል። ያ ማለት የሳምንት ሥራው ነው። ለጋሼ የአሥር ደቂቃ ወሬ የነበረው ነገር ለእርሱ ይህን ያህል ነው።

8. ምን እናድርግ?

ከሽያጩ በፊት አየሩን ለሦስት አራት ቀን ለኩ። አንዱ ጎማ ብቻ ከወረደ በሳሙና ውኃ አርሱት፤ አረፋ የሚያወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። የሚጠገን ከሆነ አስጠግኑት፣ ደረሰኙን ያዙ። ገዢው ሲመጣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት እንዲህ በሉት፦ «ወንድሜ፣ የኋላ ቀኙ ጎማ ሚስማር ነበረበት። ሐሙስ አስለጥፌዋለሁ፣ ደረሰኙ ይኸውልህ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም፤ አንተም ለሁለት ሳምንት እየለካህ ተከታተለው።»

ለማስጠገን አቅም ወይም ጊዜ ካጣችሁ ደግሞ እንዲህ በሉ፦ «ይህ ጎማ በአራት ቀን ይወርዳል። ምክንያቱን አላስመረመርኩም። ሳታስጠግነው ሃይዌይ እንዳትወጣ። ለእርሱ ብዬ ይህን ያህል ቀንሻለሁ።» ይህን ከተናገራችሁ በኋላ ውሳኔው የእርሱ ነው። እያወቀ ከገዛ በደል የለባችሁም።

እናንተ ታላላቆች፣ ታናሹ በይሉኝታ ዝም ሲል ስታዩት እናንተ አንሡለት። «ልጄ፣ ለመካኒክ አሳየው፤ አይከፋኝም» በሉት። ይህን ቃል ከእናንተ በቀር የሚሰጠው የለም።

ይህን የሚሰማ፣ መኪናውን ሸጦ የጨረሰ ሰውም ሊኖር ይችላል። ያለፈው ወር፣ ያለፈው ሳምንት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው ጎማው ራሱ ተናግሮ ይሆናል፣ ወይም ገና እየወረደ ይሆናል። የገዢው ቁጥር ስልክህ ውስጥ አለ። ዛሬ ከሰዓት ደውልለት። «የኋላ ቀኙን ጎማ አሳየው፤ እኔ ጋ እያለ ይወርድ ነበር፤ የማስጠገኛውን እኔ እከፍላለሁ» በለው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጌታ በምናውቀው ነገር የታመንን ያድርገን። ጸጋው ይብዛላችሁ።